ዘጠኝ የመታው ሰዓት

ቅጥቅጡ ከደባርቅ መናኸሪያ ወጥቶ የዳባትን መንገድ ሲይዝ ክንዴ የመሣሪያ ቦርሳውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በሁለት እጁ አቅፎት ነበር። ረዳቱ ሁለት ጊዜ መጥቶ «ጋሼ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ልስቀልልዎት?» ቢለውም እሺ አላለም። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ ጥር ስምንት ቀን 2001 ዓ.ም.። የሌሊቱ ውርጭ በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ገና አልቀለጠም። ተሳፋሪው ሁሉ በጋቢና በፎጣ ተጀቡኖ አፍንጫው ብቻ ነው የሚታየው። ሹፌሩ ግን ብርድም ጉድጓድም የማያውቀው ይመስል ይነዳል።

ከክንዴ ጎን የተቀመጡት ሴትዮ ልጃቸውን አዲ አርቃይ ጠይቀው ወደ ጎንደር የሚመለሱ ናቸው። «ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉት። ክንዴ ሞባይሉን ከካፖርቱ ኪስ አወጣ። 8:10 ይላል። «ሁለት ከአሥር» አላቸው። ሴትዮዋ አመስግነው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክንዴ ግን ሞባይሉን ወደ ኪሱ መመለስ አቅቶት እያየው ቀረ። ስምንት አይቶ ሁለት አለ፤ ደግሞም ምንም ሳያስበው። እዚህ አገር ዓይን ያለው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ በፈረንጅ የተሞላ ሰዓት ሲያይ ስድስቱን ሰዓት ዘሎ የራሱን ያነባል፤ መዝለሉንም አያውቀውም። ክንዴን በዚህ ብርድ ከቤቱ ያስወጣው ይኸው መዝለል ነው።

በደባርቅ ክንዴን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ በሚቆምባት ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ሰዓት ሲጠግን ኖሯል። የመምህራንን የእጅ ሰዓት፣ የሆቴሉን ቀስቃሽ ሰዓት፣ የወረዳውን የግድግዳ ሰዓት ያልከፈተው የለም። አሁን ግን በግራም በቀኝም ሞባይል ጠጋኞች ከበውታል። ሰው ሰዓቱን ከሞባይሉ ላይ ያያል፤ ክንዴ ዘንድ የሚመጣው ባትሪ ለማስቀየር ነው፤ ያውም ከስንት አንዴ። የቀረው ስሙ ነው። «የክንዴ እጅ አይስትም» ይባላል፤ ከሊማሊሞ ግርጌ እስከ ዳባት። ሥራው ሲሄድ፣ ሚስቱ ስትሞት፣ ልጁ ባሕር ዳር ስትቀር ይህቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ከእሱ ጋር ቀርታለች። ሰው በምን ይኖራል ብትሉ፣ ክንዴ በእሷ ነበር የሚኖረው።

ትናንት ከቀትር በኋላ ይግዛው ወደ ሱቁ መጣ። ይግዛው የዳባት እህል ነጋዴ ነው፤ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ምክትል ሊቀ መንበርም ነው። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠ በኋላ በርጩማው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«የመሪጌታ ወልደ ገብርኤልን ነገር ሰማህ ወይ?» አለው።

«ምን ሆኑ?»

«ምን ይሆናሉ፣ አረጁ እንጂ። ቅዳሜ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለሰዓታት ብለው ተነሥተው ሄዱልህ። ሰው ገና እራቱን አላነሣም። የደብሩ በር ዝግ፣ እሳቸው እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ ቁጭ። ዐቃቢው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊከፍት ሲመጣ ደርቀው አገኛቸው። ተሸክመን ነው ቤት ያስገባናቸው። ብርዱ ሳንባቸውን መታቸው።»

«ለምን በሦስት ሰዓት ወጡ?»

«ሰዓቱ ዘጠኝ መታ ነው የሚሉት። የእህታቸው ልጅ የትናየት ደግሞ ልትተኛ ስትል አይታዋለች፤ ሦስት ሊሆን ጥቂት ነበር የቀረው ብላ ትምላለች። ከዚያም ወዲህ ቀን በቀን ይኼ ሰዓት ዋሸ ይላሉ። አይተን ልክ ነው እንላቸዋለን፤ አይሰሙም።» ይግዛው ወደ ጭንቅላቱ አመለከተ። «እንግዲህ ሰማንያ ሁለት ዓመት ነው። ነገ ከመልአከ ሰላም ጋር ሆነን እንነግራቸዋለን። ለከተራ የመሪነቱን ቦታ ሌላ ይይዛል፤ እሳቸውን ቅዳሜ ጎንደር የወንድማቸው ልጅ ቤት እናደርሳቸዋለን። እዚያ የሚጠብቃቸው ሰው አለ፤ እንደገና ሌሊት ወጥተው ቢሞቱብንስ?»

ክንዴ በወረንጦ የያዛት ቁልፍ የምታህል ባትሪ አምልጣው ወለል ላይ ወደቀች። ይግዛው ጎንበስ ብሎ ሲፈልግለት እሱ ከወንበሩ አልተነሣም። ዘጠኝ መታ፣ ሦስት ሰዓት ነበር። ነገሩ ገብቶታል። ያን ሰዓት ባለፈው ቅዳሜ ከግድግዳው የሰቀለው እሱ ራሱ ነው።

ሰዓቱ ባለ ፔንዱለም የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ፊታውራሪ ድረስ የሚባሉ የአውራጃ ባላባት ልጆቻቸውን ቅኔ ስላስተማሩላቸው በጃንሆይ ዘመን ለመሪጌታ የሰጧቸው። መሪጌታ ያኔ ዓይናቸው ያይ ነበር። ኋላ የዓይን ማዝ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሲወስደው ሰዓቱ ቀረላቸው። ደወሉን ቆጥረው ይተኛሉ፣ ቆጥረው ይነሣሉ፣ የሌሊት ዘጠኝ ሲመታ መቋሚያቸውን ይዘው ብቻቸውን ደብሩ ይደርሳሉ። በሁለት በሦስት ዓመት አንዴ ክንዴ አውርዶ ያጥበዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ዘንድሮም እንዲሁ አደረገ።

ድሮ ግን የሰውን ሰዓት የሚያስተካክለው በራሱ የኪስ ሰዓት ነበር። ንጋት ላይ አሥራ ሁለት የሚል፣ በአበሻ የተሞላ ሰዓት። ያን ሰዓት መሙላት የሚስቱ የፍቅርአዲስ ሥራ ነበር። ማታ ማታ ከኪሱ አውጥታ «አንተ የሰው ስትሞላ ውለህ ጣትህ ዝሏል» እያለች ትሞላው ነበር። ዓምና በነሐሴ ሞተች። በተቀበረች ማግስት ሰዓቱ ቆመ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ግን አልሞላውም። እንደቆመ በቦርሳው ይዞት ይዞራል። ልጁ ዕፀገነት «ብቻህን ሆነህ ድምፅህም ይጥፋብኝ?» ብላ ሞባይል ላከችለት፤ እሑድ እሑድ ትደውልበታለች። ሌላውን ስድስት ቀን ሞባይሉ ሰዓት ማያ ነው።

እና ባለፈው ቅዳሜ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠው እየተቻኮለ፣ ሞባይሉን አየ፤ 4:30 ይላል። የመሪጌታን ሰዓት አራት ተኩል ላይ አደረገው። ልክ ነው ብሎ ሄደ። የትናየትም አየችው፣ ይግዛውም አየው፣ ሁሉም ስድስቱን ሰዓት ዘልለው ልክ ነው አሉ። ደወል ግን ተዘልሎ አይሰማም። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ሰዓቱ ዘጠኝ ጊዜ መታ፤ ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ደግሞ ዘጠኝ ብለው ቆጠሩ።

ሌሊቱን ሙሉ ክንዴ አልተኛም። ንጋት ላይ የመጣለት ሐሳብ ይህ ነበር፤ ሄጄ ሰዓቱን ልይ እላለሁ፤ ሰው ዞር ሲል ቆጣሪዎቹን ስድስት ሰዓት አዞራለሁ፤ ማንም አያውቅም። ከዚህ በኋላ ደወሉ ልክ ይመታል፤ መሪጌታም አይሳሳቱም። ሐሳቡ በመኪናው ውስጥም አብሮት ተሳፍሯል። ወቅንን ሲያልፉ ጥሩ ሐሳብ መሰለው። ዳባት ሲወርድ ግን እግሩ ከብዶት ነበር።

የመሪጌታ ቤት ከዋናው መንገድ ጥቂት ብቻ ገባ ያለ ነው። የትናየት በር ላይ አገኘችው። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት፤ አጎቷን ለማስታመም የሳምንት ፈቃድ ወስዳለች። ዓይኗ እንቅልፍ ባጣ ቀልቷል።

«ጋሼ ክንዴ፣ ሊጠይቋቸው መጡ? እግዚአብሔር ይስጥልን» አለችው።

«አዎ። ደግሞም… ሰዓቱን እንዲያው ልየው ብዬ።»

«ሰዓቱማ ምን ሆነ፤ አንዲት ደቂቃ አልተዛነፈም። የተዛነፉት እሳቸው ናቸው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እነ መልአከ ሰላም አሁን ይመጣሉ። እኔ አልነግራቸውም ብያለሁ፤ አልችልም። ይግቡ፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እኔ መድኃኒት ቤት ደርሼ ልምጣ።»

ክንዴ ገባ። ክፍሉ ጨለምለም ያለ ነው። መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሁለት ጋቢ ደርበው ተኝተዋል፤ ትንፋሻቸው ሲር ሲር ይላል። መቋሚያቸው ከአልጋው ራስጌ ቆሟል። ሰዓቱ ከበላያቸው ተሰቅሎ ፔንዱለሙን ያወዛውዛል። ቆጣሪዎቹ አሥር ሰዓት ከአርባ ላይ ናቸው። አራት ከአርባ ብሎ አነበበው፤ አሁንም ዘለለ። በራሱ ተናደደ።

በእግር ጣቱ ተራምዶ ሄዶ የመስተዋቱን በር ከፈተ። ቆጣሪው ሲዞር በየሰዓቱ መምታቱ አይቀርም፤ ስለዚህ የግራ እጁን ጣት ወደ ውስጥ አስገብቶ ደወሉን የምትመታውን ትንሽ መዶሻ ያዛት። እንዲህ ሲያደርጉ የውስጡ ጥርሳም ጎማዎች ይዞራሉ፣ ደወሉ ግን ድምፅ የለውም። በቀኝ እጁ ትልቁን ቆጣሪ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ ገፋው። አሥራ አንድ ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከሰዓቱ ሆድ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። እያንዳንዱ ደዋይ ሰዓት ሊመታ ሲል የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ ከሰዓት ሠሪ በቀር ልብ የሚለው ሰው የለም።

«ሊመታ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ክንዴ መዶሻዋን እንደያዘ ቆመ።

«ቀጭ አለ። ቀጭ ካለ ይመታል። ግን ገና ነው፤ ከመታ ብዙም አልቆየም።» አየሩን አሸተቱ። «ማነህ? የቦርሳህ ሽታ የዘይት ነው። ክንዴ ነህ?»

«ነኝ፣ መሪጌታ። እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለምን አልመታም?»

«ይዤው ነው።»

«መዶሻዋን?»

«አዎ።»

«ለምን ትይዛታለህ?»

ክንዴ ቆጣሪውን ወደ ነበረበት መልሶ ጣቱን አወጣ። መሪጌታ በጭንቅ ዞረው በጀርባቸው ተኙ። ዓይናቸው ነጭ ነው፤ ፊታቸው በሳምንት ውስጥ ከስቷል።

«ተቀመጥ» አሉት። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንተ ሰዓት ታውቃለህ፤ እነዚህ አያውቁም። ቅዳሜ ማታ ደክሞኝ ደወል ሳልቆጥር በጊዜ ተኛሁ፤ ሲመታ ነቃሁ። ቆጠርሁ። ዘጠኝ ነው። እኔ ከአንድ ጀምሮ ነው የምቆጥር፤ በእንቅልፌም ቢሆን አንዲት አላጎድልም። ግን ሁሉም ሰው ሦስት ነበር አለኝ። የትናየት ማለችልኝ፤ ልጄ አትዋሸኝም። በማግሥቱም ደወሉ ሌላ ይላል፣ እነሱ ሌላ ይላሉ። ትናንትና መቁጠር ተውሁ። ሲመታ ጆሮዬን በጋቢ እሸፍናለሁ። ክንዴ፣ ዓይኔን ሰጠሁ፤ አላጉረመረምሁም። ጆሮዬም ከሄደ በምን ነው የምኖር?»

ክንዴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው የጠየቁት ጥያቄ የእሱም ነበር። ስሙ ከሄደ በምን ይኖራል? ማታ ያችን ሱቅ ቆልፎ፣ ማንም ወደማይጠብቀው ቤት ሲገባ ምን ይዞ ይገባል? ይግዛው ይህን ከሰማ እስከ እሑድ ድረስ ደባርቅ ያልሰማ አይኖርም። ግን እነዚያ ነጭ ዓይኖች ወደ እሱ ዞረው ይጠብቃሉ።

«ዘጠኝ ነው የመታው፣ መሪጌታ» አለ። «ልክ ቆጥረዋል። ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ መታ። ሰዓቱን በፈረንጅ ሞልቼው ነው። ከሞባይል አይቼ። ስሕተቱ የእኔ ነው።»

ከመሪጌታ ዓይን እንባ ወረደ፤ ሳይጠርጉትም ተዉት።

«ጆሮዬ ደኅና ነው» አሉ። «ተመስገን።» ከዚያም፣ «መዶሻዋን ስትይዝ ልታጠፋው ነበር» አሉት፤ በቁጣ አልነበረም።

«አዎ።»

«ሰዎቹ ይመጣሉ። ለእኔ ብቻ ከነገርኸኝ ሁለት እብድ ሆነን ቀረን ማለት ነው።»

ውጭ የሰው ድምፅ ተሰማ። ከመድኃኒት ቤት የተመለሰችው የትናየት በሩን ከፈተች፤ የደብሩ አስተዳዳሪ መልአከ ሰላም ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው፣ ይግዛው ከኋላቸው ኮፍያውን እያወለቀ ገቡ። መልአከ ሰላም መስቀል አሳልመው፣ ስለ ጤናቸው ጠይቀው፣ ስለ ብርዱ ተናግረው፣ ወደ ነገሩ መግባት ስላስጨነቃቸው እንደገና ስለ ብርዱ ተናገሩ። ክንዴን ሲያዩት ደስ አላቸው። የጎንደር ምእመናን ለደብሩ ያበረከቱትን ትልቅ ሰዓት እሱ እንዲሰቅለውና እንዲንከባከበው ካነጋገሩት ወር አልሞላም።

«እንኳን መጣህ» አሉት። «አንተው ሰዓቱ ደኅና መሆኑን ብትነግራቸው እኛን ከሚሰሙ አንተን ይሰማሉ።»

ይኼኔ ሰዓቱ ቀጭ አለ። ክንዴና መሪጌታ ሰሙት፤ ሌሎቹ አልሰሙም።

«አባታችን» አለ ክንዴ ቆሞ፣ «አንድ ነገር ልለምንዎ። ይግዛውም፣ የትናየትም። ዓይናችሁን ጨፍኑ።»

«ምን ልታሳየን ነው ዓይናችንን ጨፍነን?» አለ ይግዛው እየሳቀ።

«አላሳይህም። ቁጠር።»

መልአከ ሰላም ግራ እንደተጋቡ ጨፈኑ፤ ይግዛውም እሳቸውን አይቶ ጨፈነ። ሰዓቱ መምታት ጀመረ። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ደወሉ አንድ በአንድ ይወርዳል። የይግዛው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ከአምስት በኋላ ፈገግታው ጠፋ። ከስምንት በኋላ የትናየት በመዳፏ አፏን ያዘች። የመጨረሻው ድምፅ እስኪከስም ማንም ዓይኑን አልገለጠም።

«ስንት ነው?» አለ ክንዴ።

«አሥራ አንድ» አሉ መልአከ ሰላም በቀስታ።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

ይግዛው ዓይኑን ገልጦ ግድግዳውን አየ። «አምስት…» ካለ በኋላ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

ክንዴ ተናገረ። ሞባይሉን፣ ችኮላውን፣ ሁሉንም። የትኛውንም አላሳመረም። «መሪጌታ አልተሳሳቱም። በዚህ ቤት የቆጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከደጅ ያሳደራቸው የእኔ እጅ ነው» አለ። ዛሬ እንኳ ደብቆ ሊያዞረው እንደነበር ተናገረ።

የትናየት ሮጣ አልጋው ሥር ተንበርክካ የአጎቷን እጅ ያዘች። «አባባ፣ አላመንሁዎትም» አለች። መሪጌታ ራሷን ዳበሱላት። መልአከ ሰላም መስቀላቸውን እያገላበጡ ወለሉን አዩ። እንግዲህ እሳቸውም ቢሆኑ ስድስት ቀን ሙሉ እዚያ ክፍል ገብተው ወጥተዋል፤ ዓይን አላቸው፤ አንድም ቀን አልቆጠሩም። ይግዛውም መኪና የተኮናተረላቸውን የጎንደር ጉዞ ሳይናገር ኮፍያውን መልሶ ደፋ።

«አሁን አስተካክለው» አሉ መሪጌታ። «መዶሻዋን ሳትይዝ።»

ክንዴ መስተዋቱን ከፍቶ ትልቁን ቆጣሪ ማዞር ጀመረ። አንዱ ዙር ሲሞላ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ጊዜ መታ። መሪጌታ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙት።

«ስድስት ሰዓት ነው የምታዞረው፤ አይደለም?»

«አዎ።»

«እኔም ስድስት ሰዓት ነው የተቀመጥሁ። ቀስ በል። በመጀመሪያው ሰዓት አልጨነቀኝም። ቀድሜ መጣሁ ብዬ ዳዊቴን ጀመርሁ። በል፣ አዙር።»

አዞረ፤ አንድ መታ።

«በሁለተኛው፣ ዐቃቢው ታሞ ይሆናል አልሁ። በሩን በመቋሚያዬ አንኳኳሁ። ሰዓታቱን ለብቻዬ ጀመርሁት፤ የሚቀበለኝ እንደሌለ እያወቅሁ አንዱን ስንኝ እኔ እላለሁ፣ ሌላውንም እኔው እመልሳለሁ።»

ሁለት መታ።

«በሦስተኛው እግሬ ጠፋብኝ። መኖሩን በእጄ ዳሰስሁ። አገሩ ሁሉ ዝም አለ። ሰው ሁሉ ሞቶ እኔ ብቻ የተረሳሁ መሰለኝ።»

ሦስት መታ።

«በአራተኛው ዶሮውን አሰብሁት። በዘጠኝ ሰዓት ዶሮ ይጮኻል፤ እስከዚያች ሰዓት አንድም አልጮኸም። ገና ምሽት ነው፣ ወደ ቤት ልመለስ ብዬ ተነሣሁ።»

አራት መታ።

«እና ለምን አልተመለሱም?» አለች የትናየት፣ እያለቀሰች።

«ተመልሼ ተቀመጥሁ» አሉ መሪጌታ። «ሰዓቱን የሰቀለው ክንዴ ነው አልሁ። የክንዴ እጅ አይስትም፤ የሳተው ዶሮው ነው አልሁ።»

ክንዴ ግንባሩን በሰዓቱ ሳጥን ላይ አስደግፎ ቆመ። ሲያለቅስ እንዳይሰማ ሞከረ፤ በዚያ ቤት ግን የማይሰማ ነገር የለም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቆጣሪውን እንደገና ገፋው፤ አምስት መታ።

«ስድስተኛውስ?» አሉ መልአከ ሰላም።

«ስድስተኛውን አላውቀውም። ተኝቼ ነበር።»

ክንዴ መስተዋቱን ዘጋና መሣሪያውን ሰበሰበ። መልአከ ሰላም እስከ በሩ ድረስ ሸኙት። ትከሻው ላይ እጃቸውን አሳርፈው «እውነቱን በመናገርህ እግዚአብሔር ይባርክህ» አሉት፤ ከዚያ ደግሞ፣ ሌላ ቦታ እያዩ፣ «የደብሩን ሰዓት ነገር ከጉባኤው ጋር እናስብበታለን» አሉ። እናስብበታለን የሚሉት ምን ሲሆን እንደሆነ ክንዴ ያውቃል። ኮፍያውን አንሥቶ እጅ ነሣ።

«ክንዴ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«አቤት፣ መሪጌታ።»

«ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱ ይሞላል። ያበላሸኸውን ማን ይነካዋል? ራስህ መጥተህ ሙላ።»

«እመጣለሁ» አለ።

ከዋናው መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ደባርቅ የሚሄድ መኪና ጠበቀ። ከወጣ ቆይቷል፤ ሁለት መኪና ሞልቶ አለፈው። ይግዛው ከማዶ ካለው ሻይ ቤት ገብቶ ለተቀመጡት ሰዎች እጁን እያወናጨፈ ሲያወራ ይታየዋል። ሰዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ በመስኮት ወደ እሱ ተመለከተ። ክንዴ ፊቱን አላዞረም። ሞባይሉ ኪሱ ውስጥ ነው፤ የሚደውል የለም፤ እሑድ ገና ሁለት ቀን ቀርቷታል።

ቦርሳውን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለለውን የኪስ ሰዓት አወጣ። ቆጣሪዎቹ ዓምና በነሐሴ በቆሙበት ቆመዋል። በአውራ ጣቱ የመሙያውን ጫፍ ዳሰሰው፤ ፍቅርአዲስ ስትሞላው ኖራ ጫፉ ሙልጭልጭ ብሏል። ከመሪጌታ ቤት በኩል ደወሉ ተሰማ። ክንዴ ዓይኑን ጨፍኖ ከአንድ ጀምሮ ቆጠረ። ስድስት ነው። ፀሐይዋም አናቱ ላይ ናት። ቆጣሪዎቹን ስድስት ላይ አደረጋቸውና ሰዓቱን ቀስ እያለ ሞላው።